ከአባቴ ወንፈል የቀረሁበት ሐሙስ

«እኔ የወለድኩት ልጅ ነው፤ በረኛ አልወለድኩም!»

«በረኛ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«አፍሽን ሰብስቢ! እናትሽ የአሥር ቀን አራስ ናት። አራስ ጥለሽ ዳንግላ ድረስ ኳስ ልትይዢ ትሄጃለሽ?»

«ዛሬን ብቻ አባዬ። ከሰዓት እመለሳለሁ።»

«ማክሰኞ ‹ዛሬን ብቻ› አልሽ። ሐሙስ ‹ዛሬን ብቻ› አልሽ። በሳምንት አራት ቀን ልምምድ፣ ቅዳሜ ግጥሚያ! ይኼ ክለብሽ መጥቶ የሕፃኑን ጨርቅ ያጥብልሻል?»

የሚጮኸው ልጄ ሙሉቀን ነው። የምትመልስለት የመጀመሪያ ልጁ ሕይወት ናት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የከተማችን የሴት ወጣቶች ክለብ በረኛ። ቦርሳዋ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ አንደኛው ጓንቷ ከኪሱ ወጥቶ እንደ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል። ጓዳ ውስጥ ምራቴ ሕፃኑን እሹሩሩ ትላለች፤ ጭቅጭቁን ያልሰማች መስላ አንድ ቃል ሳያመልጣት እየሰማች ነው። እኔ መስኮቱ ሥር ወንበሬ ላይ ነኝ። ሁለቱም በየመሀሉ ዓይናቸውን ይጥሉብኛል፤ ሽማግሌ ነኝና ፍርድ ይጠብቃሉ። እኔ ግን የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሙሉቀን ያችን ቃል ከማንም አልሰማትም። እኔ ነግሬው አላውቅም፤ የተናገራት አባቴ ደግሞ እሱ ሳይወለድ ነው የሞተው። እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ዛሬ ሙሉቀን ባጃጅ የሚጠግንበት ቦታ ላይ በነበረው ሣር ቤት፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የተናገራት። በአገውኛ ነበር። አባቴ ሲቆጣ አማርኛውን እንደ ቡሉኮ ከትከሻው አውልቆ ይጥለውና ወደ አገውኛው ይገባ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ጫማዬን አሠርኩ። ልጅቷ ግን መልሳለች።

በዚህ ዕድሜዬ ከአባት ጎን መቆም ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ ሲያረጁ አባቶቻቸውን ሆነዋል። ልጅነታቸውን ሲያወሩ «አይ ሞኝነት!» እያሉ ነው፤ እንደ ሌባ ልጅ ይክዱታል። እኔ አልክደውም። በተለይ ያችን ሐሙስ አልክዳትም፣ ምንም እንኳ ጥፋቷ የእኔ ቢሆን።

ያኔ ከተማችንን እንጅባራ የሚላት ጥቂት ነበር፤ ለኛ ቆሰበር ነበረች። ጉሙ ጠዋት ከቀርከሃው መሀል ይነሣና መንገዱን አቋርጦ እስከ ሦስት ሰዓት አይገፈፍም። መንገዱ ጠጠር ነው። ከማርቆስ የሚመጣው አውቶቡስ ለሻይ ሲቆም ልጆች ሁሉ ተሯሩጠን የተሳፋሪውን ልብስ እናይ ነበር። ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ሲጨመርበት ሃያ አምስት። ስኳርና ሳሙና በኅብረት ሱቅ በተራ ነው የሚገኘው፣ ተራህ ሳይደርስ ካላለቀ። ቴትሮን ሱሪ ያለው ሰው እንደ ሙሽራ በመሀል መንገድ ይሄዳል፤ ሌላው ካኪውን በጉልበቱ ላይ በሌላ ካኪ ጥፎ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠውን በረባሶ አጥልቆ ጥግ ጥጉን ይዞ ያልፋል። ቀበሌው በር ላይ ባለው ባሕር ዛፍ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ማርሽ ይለቃል። ወደ ማታ ግን ማጉያውን የሚጠብቀው ሰው ፍቅር ይዞት ስለነበር የፍቅር ዘፈን ይለቅልናል። ስለ ዘመኑ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። እኔ የማውቀው ማጉያው ማርሽ ሲለቅ ፈጥነን፣ ዘፈን ሲለቅ ቀስ ብለን እንሄድ እንደነበር ነው።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ነበር ትምህርት ያቆምኩት። አባቴ ከፈረስ ወድቆ ቀኝ እግሩ ከተሰበረ በኋላ የቤቱ ወንድ እኔ ሆንኩ። እግሩ ድኗል ይባል እንጂ ያለ ምርኩዝ አይራመድም። ከእኔ በታች ሁለት እህቶች ነበሩኝ። ቀን አርሳለሁ፣ አጭዳለሁ፤ ትርፍ ሰዓት ካገኘሁ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ቤት መምቻውን የለመድኩት ከለቅሶ አውጪዎችና ከአዝማሪዎች አፍ ነው። አንድ ጊዜ የቀበሌው የወጣት ኃላፊ ለሰልፍ የሚሆን ግጥም ጻፍ ብሎኝ ስለ ጎላችን ጽፌ ወሰድኩለት። አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝና «ይኼ ሰልፍ አያሰልፍም» አለኝ።

ስለ ጎሉ የጻፍኩት በከንቱ አይደለም። ሜዳችን ስትሠራ ቋሚ ያስፈልግ ነበር። ባሕር ዛፍ መቁረጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለአጥር የሚተክለውን ኮርች ቆርጠን ከግራና ከቀኝ ቸከልነው። አባቴ በዚያ ሲያልፍ አይቶ «ኮርች እኮ እርጥብ ካገኘ ይበቅላል፤ የገበሬ ልጅ ሆነህ ይኼ ጠፋህ?» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ክረምት ሲገባ ጎሉ ቅጠል አወጣ። የአዲስ ቅዳም ልጆች ሊገጥሙን መጥተው ሳቁ ጨረሳቸው፤ «በረኛ፣ አርመው እንጂ!» ይሉኛል። ያችን ግጥም ያኔ ነው የጻፍኳት፦

ኮርች ቆርጠን ተከልን ለኳስ በር እንዲሆን፣
እሱ ግን ሥር ሰዶ ቤተኛ ሆነብን።

አሁንም አንደኛው ቋሚ አለ። ባጃጆቹ ተራ የሚይዙበት ዘንድ፣ ግንዱን ሁለት ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። በየዓመቱ ቀይ አበባውን ያወጣል። ሾፌሮቹ ሥሩ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። ጎል ላይ እንደተደገፉ ብነግራቸው «አባባ አረጁ» ይላሉ፤ ስለዚህ አልነግራቸውም።

የቡድናችን ስም ንጋት ነበር። አምበላችን ባዩ ይባላል፤ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ቀጭን፣ ማጭድ ይዞ የማያውቅ የከተማ ልጅ፣ ኳስ ከእግሩ ሥር ስትገባ ግን እንደ ድመት ልጅ የምትለማመደው። ማሊያችንን አባቱ ናቸው ከአቡጀዲ የሰፉልን። ቀለም ስላልተገኘ በቀይ ዱቄት ነከሯት። ስትደርቅ ታምራለች፤ ላብ ሲነካት ግን አንገታችንን ታቀላዋለች። እኔ የሸራ ጫማ ነበረኝ፣ በሰባት ብር የገዛሁት፣ የቀኙ አውራ ጣት ጋ የተቀደደ። አባቴ ያን ጫማ ሲያይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚለው፤ «ይኼ ሰባት ብር የማረሻ ጫፍ ይሆን ነበር።»

በዚያ ዓመት ለአውራጃው ዋንጫ ፍጻሜ ደረስን፤ ከዳንግላ ጋር፣ በዳንግላ ሜዳ። ጨዋታው እንደ ወትሮው እሑድ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ ከላይ እንግዶች ስለሚመጡ ሐሙስ ይሁን ተባለ። ሐሙስ ደግሞ የኛ ቤት ወንፈል ቀን ነበር።

ወንፈልን ዛሬ ልጆቼ ሥራ መረዳዳት ብቻ ይመስላቸዋል። ስምንት ቤት ሆነን እንዞር ነበር፤ ዛሬ የአንዱን ገብስ ስምንታችን እናጭዳለን፣ ነገ የሌላውን። እኔ በአባቴ ፈንታ እየተሰለፍኩ የአራት ቤት ጨርሻለሁ። አምስተኛው የኛ ነበር፤ ከኛ በኋላ ሦስት ቤት ይቀራል። ግን ደንብ አለው። በባለቤቱ ማሳ ላይ ሲታጨድ ከፊት ቆሞ መስመሩን የሚመራው የባለቤቱ ቤት ሰው ነው። ከፊት የሚቆም ሰው የሌለው ቤት ወንፈል አልጠራም፤ በሰው ተጫወተ። አባቴ ጎንበስ ማለት አይችልም። እናቴና እህቶቼ ከፊት አይቆሙም። ቀሪው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሐሙስ ዳንግላ ጎል ውስጥ መቆም አለብኝ። ሁለት ቦታ ቁም ተባልኩ።

ሰኞ ከልምምድ በኋላ፣ ቡድኑ ሳይበተን፣ ለባዩ ነገርኩት። የበረኛ ምትክ አልነበረንም። ባዩ መሬቱን እየጫረ አሰበና «ስንት ሰው ነው የሚያጭደው?» አለኝ።

«ስምንት።»

«እኛ ስንት ነን?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ታዲያ ረቡዕ እንጨርስልሃለን። ሐሙስ ያለ ሐሳብ ትሄዳለህ።»

«ረቡዕ እኮ ሚካኤል ነው።»

 ዓመታዊው አይደለም፣ ወርኃዊው ነው። ቢሆንም በሚካኤል ቀን ማሳ ውስጥ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው በኛ አገር ስሙ ይነሣል፤ በረዶ ቢወርድ በሱ ነው፣ ዝናብ ቢመጣ በሱ ነው። ማክሰኞ እንዳናደርገው ከወረዳ መጥተው ልምምዳችንን ያያሉ ተብሏል። ከመካከላችን ዳንኤል ብቻ ጴንጤ ነበር፤ አባቱ ወፍጮ ቤት ይሠራሉ፣ የቅዱሳን በዓል አይዙም። እጁን አወጣ፤ እንደ ክፍል ተማሪ።

«እኔ በዓል የለብኝም» አለ። «ከፊት እኔ እቆማለሁ።»

«በቃ!» አለ ባዩ፤ «ሲጠይቁን ‹ያጨደው ዳንኤል ነው፤ እኛ ነዶ አቀባይ ነን› እንላለን።»

እስኪያመን ሳቅን። ሲሳቅ የተወሰነ ነገር ከባድ አይመስልም።

ረቡዕ አባቴ በማለዳ ምርኩዙን ይዞ ለሚካኤል ማኅበር አያ ተገኘ ቤት ወጣ። አያ ተገኘ የወንፈላችን አለቃ ነው፤ ማኅበርተኞቹም እነዚያው የወንፈል ሰዎች ናቸው። እነሱ እዚያ ጽዋ ሲጠጡ ዐሥራ አንዳችን እዚህ ማሳው ውስጥ ገባን። ማጭድ የያዝነው ሰባት ነበርን፤ ከሰባቱ በደንብ የምናውቀው አራት። ባዩ ገብሱን ከሥሩ ሳይሆን ከወገቡ እየቆረጠ ማሳውን እንደ ሕፃን ፀጉር አንጨባረረው። ዳንኤል ቃሉን ጠብቆ ከፊት ቆመ፤ ወደ ኋላ እየዞረ «ማነው የደከመው? ጸሎት ላድርግለት?» ይላል። ወደ እኩለ ቀን እናቴ እንስራዋን አዝላ ወጣች። ማሳውን አየች፣ እኛን አየች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ አማተበች።

«ሚካኤል ይቅር ይበላችሁ» አለች።

 እንስራዋን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አንዱን ነዶ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይኼን ማን ነው ያሠረው? አላልታችሁ አትሠሩ፤ ይበተናል።»

ስንጨርስና ስንከምር ፀሐይ ገና አልወረደችም ነበር። አባቴ ሲመለስ አጥሩ ጋ ቆመ።  ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ምርኩዙን እያንኳኳ ገባ። በዚያ ቀን ያልጮኸው ለነገ አስቀምጦት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳሥር በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ዛሬ ሰዎቹ ይመጣሉ» አለኝ።

«ማሳው ታጭዷል አባዬ። አይምጡ ብለው ይላኩባቸው፤ የየራሳቸውን ይጨዱበት።»

«ምን ብዬ ልላክ? ከናንተ ጋር ጽዋ ስጠጣ ልጄ በሚካኤል ቀን ማሳዬን አሳጨደው ብዬ?»

«እንግዲያው እኔ ሮጥ ብዬ ልንገራቸው።»

«የትም አትሮጥም። እዚህ ደጅ ትቆማለህ። ሲመጡ በገዛ አፍህ ትነግራቸዋለህ፤ እግራቸው ላይ ትወድቃለህ።»

«መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል።»

አማርኛውን አውልቆ የጣለው ያኔ ነው። «እኔ የወለድኩት ልጅ ነው፤ በረኛ አልወለድኩም» አለ በአገውኛ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከወጣህ ይኼ በር ይዘጋል።»

እናቴ ከኋላው ቆማ በዓይኗ ለመነችኝ። ማንን እንድሰማ እንደምትለምነኝ እስከዛሬ አላውቅም። ማሊያዬን በብብቴ ይዤ በሱ ጎን አልፌ ወጣሁ። ከኋላዬ የበሩ መወርወሪያ ሲገባ ሰማሁት፤ እንጨት በእንጨት ላይ፣ አንዴ ብቻ። በአያ ተገኘ ደጅ ማለፍ እችል ነበር፤ ሩቅ አልነበረም። ተቆጥቼ ስለነበር በሌላኛው መንገድ ሄድኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው። ማጨዴ አይደለም፣ ኳሱም አይደለም፤ ያን አጭር መንገድ አለመሄዴ ነው።

የጭነት መኪና ላይ ቆመን ዳንግላ ገባን፤ አቧራው ቅንድባችን ላይ ተኝቷል። ዳንግላ ለኛ ከተማ ነበረች። ፎቶ ቤት ነበራት፤ ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት። ከጨዋታው በፊት ባዩ ጎትቶ አስገባንና ዐሥራ አንዳችን ከሐይቁ ፊት ተነሣን። ማንም አልሳቀም፤ ፎቶ ላይ መሳቅ ያኔ አልተለመደም። ያቺ ፎቶ ዛሬ ከአልጋዬ ራስጌ ናት። ሜዳው ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ አጥር ላይ። «የቆሰበር ድንቾች!» ይሉናል። «ጎላችሁ ዘንድሮ አፈራ ወይ?» ይሉኛል ከኋላዬ፤ እኔም «ላንተ የሚሆን አላፈራም» እላለሁ።

ባዩ መጀመሪያ አገባ። እስከ ዕረፍት መራን። ከዕረፍት በኋላ ነው ደመናው የመጣው። የአጨዳ ወቅት ነው፤ ዝናብ አይጠበቅም። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ቀጥሎ ወፍራም ወፍራም ነጠብጣብ። ማሊያችን ለቀቀ። ቀዩ ውኃ በክንዴ ላይ ወርዶ መዳፌ ላይ ተጠራቀመ። መዳፌን ሳይ ዓይኔ ወደ ቆሰበር አቅጣጫ ሄደ፤ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። የኛ ገብስ ተከምሯል። የሦስቱ ቤት ገብስ ግን ቆሟል። ዛሬ ለኛ የሰጧት ቀን ናት፤ ማጭዳቸውን ይዘው ባዶ ማሳ ነው የሚያገኙት። ጠዋት ብነግራቸው ኖሮ ዛሬን በገዛ ማሳቸው ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ በእጄ አጠፋሁባቸው። ሰማዩን እያየሁ ኳሷ በጎኔ አለፈች። የሕዝቡን ጩኸት ስሰማ ነው የዞርኩት። ሁለተኛዋን በእርግጥ ማንም አይዛትም ነበር፤ የመጀመሪያዋ ግን የኔ ናት። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው ዳንግላ አድረን በማግሥቱ ቀትር ላይ ቤት ስደርስ በሩ ዝግ ነው። አላንኳኳሁም። አያ ተገኘና ሁለት ሰዎች ከደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቴም አብሯቸው። ትናንት የሆነውን እናቴ በኋላ ነገረችኝ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማለዳ መጥተው፣ ክምሩን አይተው፣ አባቴ ለምኗቸው፣ የተዘጋጀላቸውን እህል ሳይቀምሱ ተመልሰዋል። ሰው ደጅህ ደርሶ እህልህን ሳይቀምስ ከተመለሰ፣ ለቅሶህ ላይ አይቆምም ማለት ነው። አባቴ በዚያች ጠዋት ቀባሪውን ነበር ያጣው።

አያ ተገኘ ቀና ብሎ እስክቆም ድረስ አየኝ። ማሊያው ሰውነቴን አቅልቶት ነበር።

«ልጁ ደማ እንዴ?» አለ።

«ቀለም ነው አያ።»

«በረኛ ነህ አሉ። በረኛ ምንድን ነው ሥራው?»

«ኳስ እንዳያልፍ መጠበቅ።»

«አለፈ?»

«ሁለቴ አለፈ።»

«እኛንም አለፈን» አለና ወደ ማሳቸው አቅጣጫ አገጩን ሰነዘረ። ገብሱ ተኝቷል፤ ከዚህ ይታያል።

እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብሎ ሁሉም ጠበቀ። አባቴም ጠበቀ። አልወደቅኩም። «ዐሥራ አንድ ነን» አልኩ፤ «ለሦስቱም ቤት ዐሥራ አንዳችንም እንመጣለን። ካጠፋነው ቀን በላይ እንሠራለን። ይቅርታ ግን አልልም፤ ማሳውን ያጨድኩት አባቴን ላሳፍር አይደለም።» አያ ተገኘ ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብሎ በአገውኛ አንድ ነገር አንሾካሾከ። አባቴ መሬት መሬት እያየ ሳቀ። ምን እንዳለው ጠይቄ ነበር። «‹ይኼስ ያንተው ነው› አለኝ» ብሎኛል፣ ከዓመታት በኋላ።

ሄድን። የተኛ ገብስ ማጭድ አይወድም፤ ዛላውን አንድ በአንድ ከጭቃ በእጅ ማንሣት ነው፤ አንሥቶ በሰሌን ላይ ማስጣት፣ ደመና ሲመጣ ማስገባት፣ ሲገለጥ እንደገና ማስጣት። ባዩ መዳፉ ተልጦ በአባቱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣ ነበር። አባቴ ከክምራችን ለሦስቱም ቤት የዘር ገብስ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ወንፈሉ የስምንት ቤት ብቻ አልሆነም። ማንኛችንም ለጨዋታ ቀን ሲያንሰን አሥሩ ሄደን ቤቱን እንሞላለን። ለገበሬው ልጅ አጨዳ፣ ለከተማው ልጅ ግድግዳ ምረጋ ወይ እንጨት ፈለጣ፤ ለዳንኤል አባት ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክመናል፣ እነሱ በጸሎታቸው ሰዓት እንዲጸልዩ። በሚካኤል ቀን ግን ዳግመኛ አላጨድንም። ባዩ «ኃጢአቱን ለዳንኤል ብቻ ማሸከም ነውር ነው» ይል ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ዳንግላዎች ወደኛ ሜዳ ሲመጡ የወንፈሉ ሰዎች ከነፈረሳቸው መጥተው ከጎሌ ኋላ ተኮለኮሉ። አባቴም መጣ። ቅጠል ካወጣው ኮርች ጎን ምርኩዙን ተክሎ እስከመጨረሻው ቆመ። ደህና ሠራህ አላለኝም። ኳሷ ስትመጣ ብቻ በአገውኛ «ግራህን! ግራህን!» ይለኛል። እሱ ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ተስማማን።

ባዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሰሜን ዘመተ፣ የሄዱት ሁሉ በሄዱበት። እሱ አልተመለሰም። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ማሊያውን ከሱቃቸው ግድግዳ ላይ አላወረዱም፤ ቀዩ ለቆ ሮዝ ሆኖ ነበር። «ያ ኳስ ዕድሜያችሁን በላው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ያ ማሊያ ፊቴ ይመጣል። ዕድሜያችንን የበላው ሌላ ነው። ኳስማ ያተረፈልን ያችኑ ነው።

«አባዬ!» ይላል ሙሉቀን። «እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ። አራስ እናቷን ጥላ ትሂድ?»

ሕይወት ወደ እኔ አትመለከትም። እኔም በሷ ዕድሜ ሽማግሌ ላይ ተስፋ አልጥልም ነበር። መኪናቸው ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው፤ ከአደባባዩ፣ ከኮርቹ ሥር።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ጓዳው በር ሥር ያለውን የሕፃኑን ጨርቅ የያዘ ሳፋ አነሣሁ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ወንፈል» አልኩት። «ያልመለስኩት አንድ ሐሙስ አለብኝ።»

«የምን ሐሙስ? ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው! ደሞ እርስዎ፣ በዚህ ሽበት፣ ደጅ ተቀምጠው የአራስ ጨርቅ! ጎረቤት ምን ይላል?»

«ከፊት የሚቆም ሰው አላቸው ይላል።»

ጓዳ ውስጥ እሹሩሩው ተቋረጠ። «አባባ» አለች ምራቴ፣ ሳቋን እየዋጠች፤ «ሳሙናው መስኮቱ ላይ ነው። ነጩን ከቀለሙ ይለዩት፤ ይነካካል።»

«ቀለም የሚለቅ ነገር አውቃለሁ» አልኳት።

ሕይወት ቦርሳዋን አንሥታለች። ጓንቱን ወደ ኪሱ መለሰችው። አባቷን አየችው፤ እሱም አያት፤ ሁለቱም ያው አንድ ዓይን ነው ያላቸው፣ የአባቴ ዓይን።

«ሰማይ አትዪ» አልኳት፤ «ቢዘንብም ኳሷን ብቻ እይ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወጣች። ሙሉቀን «ሕይወት!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ሳፋውን መሬት ላይ አስቀምጬ ከሱ ቀድሜ ደረስኩና፣ ልጅቷ ገና የግቢውን በር ሳታልፍ፣ እንዳይከተላት የቤቱን በር ከውስጥ ዘጋሁት።